ኒያችን ደግ ነበር፤ ዝግባው ግን እየደረቀ ነው

የሥራ ዋጋ በኒያ እንደሚለካ በሙስሊም ቤት ያደገ ልጅ ሁሉ ያውቀዋል። ይህን ያህል የታወቀ በመሆኑም ብዙ ጊዜ ላጠፋነው ጥፋት መሸሸጊያ አድርገነዋል። «ኒያዬ እኮ ጥሩ ነበር» ያለ ሰው ነገሩ እዚያው ላይ ያበቃለት ይመስለዋል። ለመሆኑ ያበቃለታልን? በደግ ኒያ፣ ነገር ግን ያለ ዕውቀት ጉዳት ያደረሰ ሰው ዕዳ የለበትምን? በዚህ ጽሑፍ ላነሳው የፈለግሁት ጥያቄ ይህ ነው። ጥያቄውን የማነሳው ስለ አንድ ዛፍ በመናገር ነው። ዛፉን ከጎዱት ሰዎች አንዱ እኔ ነኝና ውድ አንባብያን ቢታዘቡኝ ቅር አይለኝም።

በኮልፌ 18 ማዞሪያና በአካባቢው ከሚኖረው ሙስሊም ጥቂት የማይባለው እርሱ ራሱ ወይም አባቱ ከጉራጌ አለዚያም ከስልጤ አገር የመጣ ነው። ዓረፋ በደረሰ ቁጥር ሰፈሩ ጭር ይላል። ሱቁ ይዘጋል፤ ሰው ለልጆቹ ልብስ፣ ለእናቱ ነጠላ ገዝቶ ወደ አገር ቤት ይጓዛል። አገር ቤት ሲደርስ መጀመሪያ የሚረግጠው ጀፎረውን ነው። ጀፎረ ምን እንደሆነ ለማያውቅ አንባቢ ባጭሩ ላስረዳ። በመንደሩ መካከል የተዘረጋ፣ ሣር የለበሰ ሰፊ የጋራ ጎዳና ነው። ቤቶቹ በግራና በቀኝ ፊታቸውን ወደ እርሱ አዙረው ይሠራሉ፤ ከየቤቱ ጀርባ ደግሞ የእንሰቱ ጓሮ አለ። ሠርጉም ለቅሶውም፣ የልጆች ጨዋታውም የሽማግሌዎች ሸንጎውም እዚያው ነው። ማንም ሰው ጀፎረውን ማረስ ወይም አጥሮ ወደ ግቢው መጨመር አይችልም። ይህን ያቆየው ፖሊስ ወይም ዘበኛ አይደለም፤ በሰባት ቤት ጉራጌ የጆካ ቂጫ የሚባለው የአባቶች ሕግና የጎረቤት ዓይን ነው።

በእኛም መንደር ጀፎረ ላይ አንድ ዝግባ አለ። ማን እንደተከለው የሚያውቅ ሰው አልተገኘም። ሽማግሌዎቹ በልጅነታቸውም ዛሬ ያለውን ያህል ትልቅ እንደነበረ ይናገሩ ነበር። አባቴ በእርሱ ጥላ ሥር ታርቋል፤ የእኔም የኒካሕ ሽምግልና የተቀመጠው እዚያ ነው።

ከዛሬ ስምንት ዓመት ገደማ በፊት በክረምት ነፋስ አንድ ትልቅ ቅርንጫፍ ተገንጥሎ ወደቀና አንዲት ጥጃ ገደለ። ልጆች ከሥሩ የሚጫወቱበት ሰዓት አልነበረም፤ አልሐምዱሊላህ። ወሬው አዲስ አበባ እንደደረሰ የመንደራችን ተወላጆች ማኅበር አባላት 18 ማዞሪያ በሚገኝ አንድ ሻይ ቤት ተሰበሰብን። ሁሉም የሚናገረው በፍቅር ነበር። «ዛፋችንን ማዳን አለብን» አልን። ገንዘብ አዋጣን፤ የውሳኔውን ደብዳቤ የጻፍኩትም እኔ ነበርኩ።

መንደሩ ስንደርስ አንድ በዕድሜ የገፉ ሐጂ ቀርበው ዛፉን ዞረው ካዩ በኋላ «ልጆቼ፣ የደረቀውን ብቻ አውርዱለት፤ ሌላውን ተዉት» አሉን። እኛ ግን ከከተማ የመጣን፣ ገንዘብ የያዝንና የተማርን ነን። «አባቴ፣ እርስዎ አይጨነቁ፤ ባለሙያ ይዘን መጥተናል» ብለን በአክብሮት ሸኘናቸው። በአክብሮት የተነገረ ንቀትም ያው ንቀት ነው። ባለሙያ ያልነው ሰው የሞተር መጋዝ ነበረው፤ ሌላ ማስረጃ አልጠየቅነውም።

ሰውየው ጫፉን ከላይ ሲሦ ያህል ቆረጠው። የጎን ቅርንጫፎቹን ከግንዱ ጋር አስተካክሎ አለሰለሳቸው። ቁስሉን ሬንጅ ቀባነው። ሽማግሌዎች እንዲቀመጡበት ብለን ከግንዱ ዙሪያ አፈር ሞልተን በሲሚንቶ ደረጃ ሠራንለት። ፎቶግራፍ ተነሣን፤ ዱዓ ተደረገ፤ በግ ታረደ። ደስ ብሎን ተመለስን።

በአራተኛው ዓመት ላይ ዛፉ ከላይ መድረቅ ጀመረ። ከዚያም በግንዱ ሥር እንጉዳይ በቀለ፤ ቅርፊቱ በአንድ ወገን ተላጠ። ባለፈው ዓረፋ ስሄድ በመንገዱ በኩል ያለው ጎኑ ከነጭራሹ ቅጠል አልነበረውም። በደን ትምህርት የሠለጠነ አንድ ወዳጄን ይዤው ሄጄ ስለነበር ከዛፉ አጠገብ ቁጭ ብሎ አንድ በአንድ አስረዳኝ። ሲያስረዳኝ አንገቴን ደፍቼ ከመስማት በቀር የምለው አልነበረኝም።

ዛፍ እንደ ሰው አይድንም

የሰው ሥጋ ሲቆስል አዲስ ሥጋ በአሮጌው ቦታ ይተካል። ዛፍ ግን እንዲህ አይደለም። የቆሰለው እንጨት አይታደስም፤ ዛፉ የሚያደርገው ቁስሉን ከቀረው አካሉ አጥሮ መለየትና በላዩ አዲስ እንጨት ማልበስ ብቻ ነው። ይህን ነገር አጥርቶ ያሳየው አሌክስ ሻይጎ የሚባል አሜሪካዊ የደን ተመራማሪ ነው። በሺህ የሚቆጠሩ ዛፎችን ከላይ እስከ ታች ሰንጥቆ በማየት ግኝቱን በ1970ዎቹ (እ.ኤ.አ) አሳተመ። ከዚያ ወዲህ በዓለም ያለው የዛፍ እንክብካቤ ሙያ ብዙ ልማዱን ለውጧል።

ቅርንጫፍ ከግንዱ በሚጋጠምበት ቦታ ላይ ቀለበት የመሰለ እብጠት አለ። ዛፉ ቁስሉን የሚያጥርበት ኃይል ያለው በዚያ እብጠት ውስጥ ነው። ስለዚህ ቅርንጫፍ ሲቆረጥ ከእብጠቱ ወጣ ብሎ ይቆረጣል እንጂ ከግንዱ ጋር አይስተካከልም። ለዓይን የሚያምረው ልስላሴ ለዛፉ አጥሩን ማፍረስ ነው። ከባድ ቅርንጫፍ ከሆነ ደግሞ በሦስት ጊዜ ይቆረጣል፦ መጀመሪያ ከግንዱ ራቅ ብሎ ከሥር በኩል በጥቂቱ፣ ቀጥሎ ከዚያ አለፍ ብሎ ከላይ፣ ክብደቱ ከወረደ በኋላ ደግሞ የቀረው ጉቶ ከእብጠቱ አጠገብ። እንዲህ ካልሆነ ቅርንጫፉ ሲወድቅ የግንዱን ቅርፊት ገሽልጦ ይወርዳል።

ሬንጅ መቀባቱም ከመበስበስ አያድንም፤ እርጥበቱን አፍኖ ሊያባብሰውም ይችላል። ጫፉን ከላይ መቁረጥ ከሁሉም የከፋ ነው። ቅጠል የዛፉ ወጥ ቤት ነው፤ ምግቡን የሚሠራው በቅጠሉ ነው። ጤነኛ ዛፍ እንኳ በአንድ ጊዜ ከቅጠሉ ከአራት አንድ እጅ በላይ ሊቀነስበት አይገባም፤ ያረጀ ሲሆን ከዚያም ያነሰ ነው። እኛ ያረጀውን ሰው ጾም አስጾምነው ማለት ነው። የሲሚንቶውንስ ነገር ምን ልበል? የዛፍ ሥር ብዙ ሰው እንደሚያስበው ወደ ጥልቅ ብቻ የሚወርድ አይደለም። አብዛኛው ሥር ከላይኛው አንድ ሜትር በማይሞላ አፈር ውስጥ ሆኖ ከቅርንጫፉ ጥላ አልፎ ይዘረጋል። ሥር ይተነፍሳል። አፈር ሞልተን በሲሚንቶ ስንደፍነው አፉን ይዘንበታል።

ወዳጄ በመጨረሻ አንድ ነገር ጠየቀኝ። «ከሥራችሁ በፊት ይህን ዛፍ የተመለከተ፣ ነገሩ የገባው ሰው አልነበረም?» አለኝ። ነበሩ። እኚያ ሐጂ ነበሩ። ይቅርታ ልጠይቃቸው ሳልችል ከዚያ በፊት ወደ አኺራ ሄደዋል።

ወንጀልና ዕዳ

እንግዲህ ወደ ጥያቄያችን እንመለስ። ኒያችን ደግ ነበር፤ ይህን አላህ ያውቃል። ታዲያ ከዚህ በኋላ ምን ቀረብን?

የፊቅህ ሊቃውንት ሁለት ነገሮችን ይለያሉ፤ እኛ ግን እናቀላቅላቸዋለን። አንደኛው ወንጀል ነው፤ ሁለተኛው ዕዳ ነው። በስህተት ነፍስ ያጠፋ ሰው እንደ ነፍሰ ገዳይ አይቆጠርም፤ ነገር ግን ዲያና ከፋራ አለበት። ለምን ተባለ? ኒያ የሠሪውን ልብ ይመለከታል፤ የተጎዳው ወገን ግን በእኛ ልብ ውስጥ አይኖርም። እርሱ የሚኖረው በደረሰበት ጉዳት ውስጥ ነው። ሕክምና ሳያውቅ ያከመ ሰው ላደረሰው ጉዳት ዷሚን፣ ማለትም ተጠያቂ እንደሚሆን አቡ ዳውድ በዘገቡት ሐዲስ ተመልክቷል። እንዲህ ያለ ሐኪም ክፉ አሳቢ መሆኑ አልተጠየቀም። የተጠየቀው ማወቁ ነው።

ስለዚህ በእኔ እምነት መልሱ ይህ ነው፦ ደግ ኒያ ከወንጀል ያድን እንደሆነ እንጂ ከዕዳ አያድንም። ከዚህም አልፎ፣ ማወቅ ሲቻል ሳይጠይቁ መሥራት የኒያውን ደግነት ራሱ ያጠራጥረዋል። ልጁን ከልቡ የሚወድ አባት ልጁ ሲታመም መርፌ ያለው ሰው ሁሉ እንዲወጋው አይፈቅድም። እኛ ለዝግባው የነበረን ፍቅር ግን መጋዝ ያለው ሰው ሁሉ እንዲቆርጠው የፈቀደ ፍቅር ነበር። ታዲያ የወደድነው ዛፉን ነበር ወይስ ዛፍ የሚያድኑ ሰዎች ተብለን መታየታችንን? ፎቶግራፉን አሁን ሳየው መልሱ ያሳፍረኛል።

በዛፍ ላይ የሚደርሰውን ጥፋት ከሌላው ጥፋት የሚለየው አንድ ነገር አለ። የሚዘገይ ነው። ያለ ዕውቀት ያረደ ሥጋ ቆራጭ ጥፋቱ በዕለቱ ይታያል። ግድግዳ ያጣመመ ግንበኛ በሳምንቱ ይጠየቃል። ዛፍ ግን ከአራት፣ ከአሥር፣ ከሃያ ዓመት በኋላ ይሞታል፤ ያን ጊዜ ቆራጩ ሂሳቡን ተቀብሎ ሄዷል፤ ያስቆረጠውም ረስቷል፤ ሰው ሁሉ «እርጅና ነው፣ የአላህ ውሳኔ ነው» ይላል። በእርግጥ የአላህ ውሳኔ ነው፤ እኛ ግን በምክንያቱ እንጠየቃለን። ጥፋቱ ከጥፋተኛው ዕድሜ በላይ በሚቆይበት ሥራ ላይ ሌላ ሰው ሊቆጣጠረን አይችልም። እዚህ ላይ ያለው ተቆጣጣሪ የአላህ ፍራቻና ሳያውቁ ያለመንካት ጨዋነት ብቻ ነው።

ሦስት ተቃውሞዎች

ይህን ሐሳብ ለወዳጆቼ ባነሳሁባቸው ጊዜያት ሦስት ዓይነት ተቃውሞ ገጥሞኛል። ሦስቱም ሊናቁ የሚገባቸው አይደሉም።

የመጀመሪያው «ጫካ ውስጥ ያለውን ዛፍ ማን ገረዘው? አላህ ያበቀለውን አላህ ይጠብቀዋል፤ አትንኩት» የሚል ነው። እውነትነት አለው። ጫካ ውስጥ ያለ ዝግባ ባለሙያ አያስፈልገውም። ቅርንጫፉ ሲወድቅ ከሥሩ ሕፃን የለም፤ ሥሩን የሚረግጥ ጋሪና መኪና የለም። የጀፎረው ዛፍ ግን ከሰው ጋር ነው የሚኖረው። እኛ ከጥላው እንቀመጣለን፤ ከሥሩ እንጓዛለን፤ ግንዱ ላይ ከብት እናስራለን። ግዴታችን የመጣው ከተጠቃሚነታችን ነው። በቤቱ ያሳደረውን እንግዳና በጫካ የሚኖረውን አውሬ እኩል የሚያይ ሰው የለም። ስለዚህ «አትንኩት» ማለት ብቻውን ጥበቃ አይሆንም፤ የደረቀው ቅርንጫፍ ጥጃ ከገደለ በኋላ ልጅም ሊገድል ይችላልና።

ሁለተኛው «ሰው የሚበላው አጥቶ ስለ ዛፍ ትጽፋለህ?» የሚል ነው። ይህን ለሚሉ ወንድሞች የምመልሰው እኛ ዛፉን የጎዳነው በገንዘብ እጥረት አለመሆኑን ነው። ለመጋዙ፣ ለሲሚንቶው፣ ለሬንጁና ለበጉ ከፍለናል። የደረቀውን ቅርንጫፍ ብቻ ማስወረድ ከዚህ ሁሉ ያነሰ ወጪ ነበር። ዕውቀት ብዙ ጊዜ ከድንቁርና ይረክሳል።

ሦስተኛው ተቃውሞ የመጣው ከዲን ወንድሞች ነው። «የእነዚህን ትልልቅ ዛፎች ነገር አታራግብ፤ ሕዝቡ አድባር እያለ ቅቤ ሲቀባቸው የኖሩ ናቸው። ቢቆረጡ ይሻላል» ይላሉ። ስጋታቸውን እረዳለሁ። ዑመር (ረ.ዐ) ሰዎች እየሄዱ ሲሰግዱባት የነበረችን ዛፍ እንዳስቆረጡ ተዘግቧል። ይሁን እንጂ ጥፋቱ ያለው በቀቢው እጅ እንጂ በእንጨቱ ውስጥ አይደለም። በእኛ ጀፎረ ላይ ቅቤ የሚቀባ ሰው ካየሁ ዘመን የለኝም፤ ጥላው ግን ዛሬም ሙስሊሙንም ክርስቲያኑንም ያስጠልላል። አቡ ዳውድ የሲድር ዛፍ የሚቆርጥን ሰው የሚያስጠነቅቀውን ሐዲስ ከዘገቡ በኋላ ትርጉሙን ሲጠየቁ፣ መንገደኛና እንስሳት የሚጠለሉበትን የበረሃ ዛፍ ያለ አግባብ በከንቱ የሚቆርጥ ማለት ነው ሲሉ አብራርተዋል። ዛፍን ማምለክ ስህተት ነው፤ ዛፍን መናቅም ለዚያ ስህተት መድኃኒት አይሆንም። መድኃኒቱ ዛፍን እንደ ዛፍ ማየት ነው፦ አላህ በሥርዓት የፈጠረው፣ ሥርዓቱም ተጠንቶ የሚታወቅ ፍጡር።

ይህን ሥርዓት የማወቅ ሙያ በዲናችን ትንሽ ቦታ ያለው አይደለም። ሙስሊም በዘገቡት ሐዲስ እንደምናነበው የመዲና ሰዎች የተምር ዛፍን በእጃቸው ያዳቅሉ ነበር። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) የሰጡትን አስተያየት ሰምተው ሥራውን ተዉትና ፍሬው ቀነሰ። ይህ ሲነገራቸው በዚህ ዓይነቱ የዱንያ ጉዳይ የሙያው ባለቤቶች የተሻለ እንደሚያውቁ ገለጹላቸው። አንባቢ ሆይ፣ የአላህ መልእክተኛ የዛፉን ነገር ለአትክልተኛው ከተዉለት፣ የ18 ማዞሪያ ኮሚቴ ማን ስለሆነ ነው ሳይጠይቅ የሚወስነው?

የጠበቁትና ያወቁት

ከአገራችን ሁለት ምሳሌዎችን ልጥቀስ። በሰኔ 2003 ዓ.ም የኮንሶ ባህላዊ መልክዓ ምድር በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። የድንጋይ እርከኑና በግንብ የታጠሩት መንደሮቹ 21 ትውልድ ያስቆጠረ ልማድ ውጤት ናቸው። የጎሳ መሪዎቹ ጥዶች በሥርዓት ሲጠበቁ ኖረዋል፤ በየቤቱና በየእርሻው ያለው ሽፈራው ደግሞ ቅጠሉ እየተቆረጠ ይበላል፤ ተቆርጦም ይኖራል። በመስከረም 2016 ዓ.ም ደግሞ በሪያድ በተደረገው ጉባዔ የጌዴኦ ባህላዊ መልክዓ ምድር ተመዘገበ። እዚያ ትልልቅ ዛፎች ከላይ፣ እንሰት ከመካከል፣ ቡና ከሥር ሆነው በአንድ ማሳ ይኖራሉ። የጌዴኦ ገበሬ ከቡናው በላይ ያለውን ዛፍ ዝም ብሎ አይተወውም፤ ዝም ብሎም አይጥለውም። ብርሃን እንዲያልፍ ቅርንጫፉን እያየ ይቀንሳል። ከሥሩ ቡናና እንሰት ያለበትን ትልቅ ዛፍ በደፈናው ቢጥል ጓሮውን ያጠፋዋልና። በሪያድ የከበረው ጫካው ብቻ ሳይሆን ይህ የእጅ ዕውቀት ጭምር ነው።

ወደ ውጭም ብንመለከት፣ በእንግሊዝ አገር በቅርስነት በተከለለ መንደር ውስጥ የሚኖር ሰው በገዛ ግቢው ያለውን ዛፍ መግረዝ ወይም መቁረጥ ቢፈልግ ከ6 ሳምንት በፊት ለአካባቢው መስተዳድር ማስታወቅ አለበት። የደረቀ ቅርንጫፍ ለማውረድ ግን ይህ አያስፈልገውም። ይህን ሳነብ ሐጂውን አስታወስኳቸው፤ ሕጉ የሚለው እርሳቸው ያሉትን ነው። በ1924 (እ.ኤ.አ) የተመሠረተው ዓለም አቀፍ የዛፍ እንክብካቤ ማኅበርም ከ1992 (እ.ኤ.አ) ወዲህ ባለሙያዎችን እየፈተነ የምስክር ወረቀት ይሰጣል። እዚያ መጋዝ መያዝና ሙያ መያዝ ተለያይተዋል።

በእኛ በኩል ግን ሁለቱን ጫፎች እንጂ መካከሉን አልሠራንበትም። አንደኛው ጫፍ «አትቁረጥ» ነው። በ1986 ዓ.ም የወጣው የደን አዋጅ ቁጥር 94 ኮሶ፣ ጥድ፣ ዋንዛና ዝግባ ከመንግሥት ደን እንዳይቆረጡ ከልክሎ ነበር፤ ከእርሱም በኋላ በ1999 እና በ2010 ዓ.ም ሌሎች የደን አዋጆች ተተክተዋል። ሁለተኛው ጫፍ «ትከል» ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2011 ዓ.ም በአንድ ቀን ከ350 ሚሊዮን በላይ ችግኝ እንደተተከለ መንግሥት አስታውቋል። መከልከልም መትከልም መልካም ነው። በመካከል ግን የተተከለው የሚያድግበት፣ ያደገው ደግሞ ከሰው ጋር የሚኖርበት መቶ ዓመትና ከዚያም በላይ አለ። ይህን ዘመን የሚይዘው እንክብካቤ ነው፤ ለእንክብካቤ ግን ዘመቻም የለም፣ ፎቶግራፍም የለም። ልጅ የወለደ ይመሰገናል፤ ያሳደገ ግን በየዕለቱ ይደክማል።

ምን እናድርግ?

ዕዳ አለብን ካልኩ አከፋፈሉን ሳልናገር ማለፍ ተገቢ አይሆንም። የእኛ ማኅበር ባለፉት ወራት የተስማማባቸውን ነጥቦች ለሌሎች ማኅበራትና እድሮችም ይጠቅማሉ ብዬ አቀርባለሁ።

በመጀመሪያ የሠራነውን ሲሚንቶ አንሥተናል፤ የሞላነውንም አፈር ሥሩን ላለመቁረጥ በእጅና በጥንቃቄ ጠርገናል። ዛፉ ይድን እንደሆነ አላህ ያውቃል፤ ከአፉ ላይ እጃችንን ማንሣት ግን የእኛ ፈንታ ነው። በሁለተኛ ደረጃ፣ ከእንግዲህ በመንደሩ ዛፎች ላይ መጋዝ ከመነሣቱ በፊት የሚያውቅ ሰው አይቶ በጽሑፍ አስተያየት እንዲሰጥ፣ ለማየቱም እንዲከፈለው በመተዳደሪያ ደንባችን አስገብተናል። «ምንም አትንኩት» ብሎ ቢሄድም ይከፈለዋል። ሐኪም መድኃኒት ስላላዘዘ ገንዘብ አይከለከልምና። በሦስተኛ ደረጃ፣ በመንደሩ የሚኖር ሽማግሌ ሳይስማማ ከአዲስ አበባ የሚመጣ ገንዘብ ብቻውን እንዳይወስን ተስማምተናል። ገንዘብ ከ18 ማዞሪያ ይመጣ ይሆናል፤ ዛፉ ግን የሚኖረው ከእነርሱ ጋር ነው። በአራተኛ ደረጃ፣ ከዝግባው ዘር ችግኝ አፍልተን ከሥሩ ራቅ ባለ ቦታ ተክለናል። ይህ ችግኝ ዛሬ ያለውን ዝግባ ያህል ሲሆን ከእኛ ማንም በሕይወት አይኖርም።

አንድ ነገር ደግሞ ለወጣቶቻችን። በከተማችን የሞተር መጋዝ ይዘው ሥራ የሚፈልጉ ብርቱ ልጆች አሉ። በወንዶ ገነትም ሆነ በሌሎች የትምህርት ተቋሞች የደን ዕውቀት ያላቸው ሰዎች አሉ። ሁለቱ ቢገናኙ አንድ የተከበረ ሐላል ሙያ ይወጣል። ማኅበራትና እድሮች፣ መስጂዶችና ትምህርት ቤቶች ሁሉም በግቢያቸው ዛፍ አላቸው፤ ሥራ አይጠፋም። የጎደለው ለሚያውቅ ሰው እንከፍላለን የሚል ደንበኛ ነው።

ያ ዝግባ ለማን እንደሆነ ሳያውቅ የተከለው ሰው፣ ወፍ፣ ሰውና እንስሳ በተጠቀመበት ቁጥር ሰደቃ እየተጻፈለት እንደሆነ እናምናለን። እኛ ደግሞ ያንን የሰደቃ መዝገብ በገዛ መጋዛችን ልንዘጋበት ተቃርበን ነበር። ደግ ኒያ ነበረን። ደግ ኒያ ያለው ሰው ግን ከመሥራቱ በፊት ይጠይቃል፤ ሠርቶ ካጠፋም «ኒያዬ ጥሩ ነበር» ብሎ አይሄድም፤ ተመልሶ ሲሚንቶውን ያነሣል።

አላህ የሚጠቅመንን ዕውቀት ይስጠን፤ ባለማወቅ ያጠፋነውንም ይቅር ይበለን። ወላሁ አዕለም።